የጊታር ክርና የባለሥልጣን ጆሮ

ጊታር የምንወድ ሰዎች ዘወትር የምንከሰስበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ዓለም በትልልቅ ጉዳዮች ስትታመስ እናንተ በስድስት ክር ትጫወታላችሁ መባል ነው። ክሱ ጨርሶ ሐሰት ነው አንልም። ነገር ግን ይህችው ባለስድስት ክር ዕቃ መንግሥታትን ያስደነገጠችበት፣ ሕዝብንም ያጣላችበት ጊዜ ስላለ፣ ስለ እርስዋ ጥቂት ብንል ለተማሪዎችና ለወጣት ባለሥልጣኖች ሳይጠቅም አይቀርም። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ፣ አድማጭም እንደ ገዥ ሊጫን መቻሉን ማስታወስ ይገባል። ቦብ ዲለን በአሜሪካ የጥቁሮች የእኩልነት ትግል በተፋፋመበት ዘመን ተራውን የእንጨት ጊታር እየመታ ሲዘፍን የወጣቱ ድምፅ ተብሎ ነበር። በጁላይ 25 ቀን 1965 በኒውፖርት ከተማ በተደረገው የባህል ዘፈን በዓል ላይ የኤሌክትሪክ ጊታር አንግቶ ብቅ ቢል ግን ከተሰብሳቢው መካከል ጮኹበት። ጩኸቱ የድምፅ ማጉያው ስላስቸገረ ነው የሚሉ አሉ፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ አላለቀም። ለእኛ እንደሚመስለን፣ የብዙዎቹ ቅሬታ ሰውየው የእኛ ነው ካሉ በኋላ ሳያስፈቅዳቸው መለወጡ ነው።

ቃል የሌለው ዜማስ? ጂሚ ሄንድሪክስ በኦገስት 18 ቀን 1969 ጧት፣ በዉድስቶክ የሙዚቃ በዓል ላይ፣ የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር አንዲት ቃል ሳይተነፍስ በጊታሩ ብቻ ተጫወተ፤ ክሩንም እያስጮኸ የቦምብ ፍንዳታ የሚመስል ድምፅ አወጣበት። ጊዜው የቬትናም ጦርነት ጊዜ ነበር፤ ሰውየውም ራሱ በአየር ወለድ ጦር ያገለገለ ነው። መዝሙሩን አዋረደ የሚሉ ተነሡ፤ እርሱ ግን በቴሌቪዥን ሲጠየቅ ዜማው ለእርሱ ውብ ሆኖ እንደታየው ተናገረ። ሳንሱር ቀይ እርሳሱን ይዞ ቢመጣ ምኑን ይሰርዝ ነበር?

ይሁን እንጂ የጊታር ነገር ሁልጊዜ በጩኸትና በክርክር አያልፍም። የቺሌው ቪክቶር ሃራ የገበሬ ልጅ ነበር፤ ዘፈንና ጊታርን የቀመሰው ከእናቱ ነው። ቴአትር አዘጋጅ ሆኖ እየሠራ የገበሬውንና የሠራተኛውን ኑሮ ይዘፍን ነበር፤ በ1970ው ምርጫም ሳልቫዶር አየንዴን ደገፈ። በሴፕቴምበር 11 ቀን 1973 ጦሩ መንግሥቱን ሲገለብጥ፣ በማግስቱ ከሚሠራበት ዩኒቨርሲቲ ከተማሪዎችና ከመምህራን ጋር ተይዞ ሳንቲያጎ ወደሚገኝ አንድ የስፖርት አዳራሽ ተወሰደ። እጆቹ ተቆረጡ እየተባለ ብዙ ተጽፏል፤ ይህ ልክ አይደለም። እጆቹ በድብደባ ተሰባብረው ነበር፤ ከዚያም ከ40 በሚበልጡ ጥይቶች ተገደለ። ሚስቱ የዘፈኖቹን ዋና ቅጂዎች ሸሽጋ ከአገር አወጣች። አዳራሹ በ2003 በስሙ ተሰየመ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በሰባት የቀድሞ መኰንኖች ላይ የተሰጠውን ፍርድ ያጸናው በ2023፣ ከተገደለ 50 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ሲቀር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንል እንወዳለን። ሃራ የሚታወሰው ስለ ተገደለ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዘፈኑን ባልሰማነው ነበር፤ ጣቶቹ ሥራቸውን ያውቁ ነበር። ዘፋኙ የእነርሱ ወገን ሲሆን የተጣመመ ቅኝቱን ይቅር የሚሉ፣ የሌላ ወገን ሲሆን ግን ጥሩ ዜማውን ላለመስማት ጆሮአቸውን የሚደፍኑ ወጣቶች እናያለን። ተማሪ እንዲህ ቢያደርግ ጉዳቱ ለራሱ ነው። የወጣት ባለሥልጣን ግን ይከፋል፤ ፊርማ አለውና።

በአገራችን በደርግ ዘመን ደግሞ ሌሊቱ ራሱ ተከለከለ። አምሃ እሸቴ በ1969፣ ሸክላ የማሳተሙ መብት የአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ደፍሮ የራሱን ሸክላ ማሳተም ጀምሮ ነበር፤ በ1975 አገሩን ለቆ ወጣ። የሰዓት እላፊው አዋጅም የአዲስ አበባን የማታ ጨዋታ አከሰመው። በየሆቴሉ አዳራሽ የሚጫወቱት ባንዶች ግን መላ አላጡም። ሰዓቱ ሲደርስ በሩ ይዘጋል፤ የመጣው ሰው እዚያው ይቀራል፤ ጊታሩም እስኪነጋ ይመታል።