«ኢታኖል ንጹሕ ነው» እየተባለ የጭስ ማጣሪያ አይነቀልብን!



ሰሞኑን በየጋራዡ ደጃፍ አንድ ወሬ ይናፈሳል። «መኪናው ኢታኖል ከተጨመረለት ጭሱ ንጹሕ ነው፤ ካታሊቲክ ኮንቨርተር የሚሉት ማጣሪያ ጉልበት ይቀንሳል እንጂ ፋይዳ የለውም፤ ይነቀል፣ አለዚያም ርካሹ ይተካበት» ይባላል። እኛ ይህን ወሬ አንቀበልም።

ኢታኖል ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከሞላሰስ የተመረተው ኢታኖል በአዲስ አበባ በ2001 ዓ.ም. 5 በመቶ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ 10 በመቶ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ተሽጧል። ስለዚህ ጠባችን ከኢታኖል ጋር ሳይሆን፣ በስሙ ከሚነገረው ሐሰት ጋር ነው።

ኢታኖልም ሲቃጠል አሴታልዴሃይድ የሚባል ዓይንና ጉሮሮ የሚለበልብ ጋዝ ያወጣል። ሽታ የሌለው ገዳይ ካርቦን ሞኖክሳይድም ከጭሱ አይጠፋም። ይህን መርዝ ወደ ውሃ ተንና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለውጠው ያው ይነቀል የሚባለው ዕቃ ነው። እሱን ነቅሎ ንጹሕ ጭስ መጠበቅ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው!

ርካሹን መተካትስ? ማጣሪያው የሚሠራው በውስጡ በተቀቡት ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ነው። እነዚህ የተቆጠቡበት ዕቃ መልኩ ያው ቢሆንም ቶሎ ይደክማል። በዚያ ላይ 1 ኪሎ ቤንዚን ለመቃጠል ወደ 14.7 ኪሎ አየር ሲፈልግ፣ ኢታኖል የሚበቃው 9 ኪሎ ብቻ ነው። አልኮል በጀሪካን እየገመተ የሚጨምር ሰው ይህን ልክ ያዛባል። ለጉልበት ተብሎ ነዳጅ ሲበዛበት ወይም ካንዴላው እሳት ሲስት ደግሞ የተረፈው ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ ይነዳል፤ የውስጡ ሸክላም ቀልጦ መተላለፊያውን ይደፍናል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይኸ ነው!

እስቲ አንድ ነገር እንጠይቅ፦ «ፋይዳ የለውም» ተብሎ የተነቀለው ዕቃ የት ይሄዳል? በውስጡ ያሉት ማዕድናት እጅግ ውድ ናቸው። ባለመኪናው ጣልኩት ሲል ሌላው ያተርፍበታል፤ ጭሱ ግን ለእኛ ይተርፋል።

ቤታችን ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዘ ነው። አንዱ ግቢ ውስጥ የተነሣ ሞተር ጭሱ የሚገባው ጎረቤት አራስ ቤት፣ አስም ያለባቸው አዛውንት መኝታ ድረስ ነው። የግል መኪና ነው፤ አየሩ ግን የግል አይደለም።

በመሆኑም ባለመኪና ወገኖቻችንን የምናሳስበው፦

1ኛ/ ማጣሪያውን አታስነቅሉ፤ ከተበላሸም ለመኪናው ዓይነት የተሠራውን አስገጥሙ።

2ኛ/ የነዳጁን ልክ ሳታስተካክሉ አልኮል አትጨምሩ።

3ኛ/ ማጣሪያው እስኪሞቅ ድረስ በቅጡ ስለማይሠራ፣ ጧት ጧት ሞተር አስነሥታችሁ ግቢ ውስጥ አታቆዩ።

ጉልበት የሚያምረው ሰው ሲጠቅም እንጂ ጎረቤት ሲያስል አይደለም።

የሰፈሩ ነዋሪዎች ማኅበር