ጓያ ድሃን ለምን ይመርጣል?



ልጅ ሳለሁ እነዋሪ ውስጥ በምንሰግድበት መስጂድ፣ ከመጨረሻው ሶፍ ጥግ ሁልጊዜ ተቀምጠው የሚሰግዱ አንድ አባት ነበሩ። በሁለት ዱላ ነው የሚመጡት። ጉልበታቸው እንደታጠፈ፣ እግራቸው እንደ መቀስ እየተጠላለፈ፣ በጣታቸው ጫፍ ይራመዱ ነበር። እጃቸው ግን ብርቱ ነው፤ አእምሯቸውም እንዲሁ፤ ቁርኣን ያስቀሩን እሳቸው ነበሩ። ምን እንዳገኛቸው ስንጠይቅ ትልልቆቹ በአጭሩ "ጓያ ሰበራቸው" ይሉን ነበር። እንዴት እንደሰበራቸው ግን የሚነግረን አልነበረም። "የጓያ ማሳ በጤዛ አቋርጠው ነው" ያለን አንድ እረኛ ጓደኛችን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ እኔም ለዓመታት የጓያ ማሳ ባየሁ ቁጥር ትንፋሼን ይዤ እሮጥ ነበር።

ጤዛው እንዳልሆነ ያወቅኩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ባዮሎጂ ስማር ነው። መምህሩ ስለ ነርቭ መርዞች ሲያስተምር የጓያን ስም ጠራ፤ ክፍሉ ሳቀ። የገጠር ነገር ነዋ! ዛሬም ሙያዬ ይኸው ባዮሎጂ ነው። በሙያ ባልደረቦቼ ዘንድ "ፖለቲካ የእኛ ሥራ አይደለም" የሚል አባባል አለ። በሌላው ጉዳይ ልስማማ እችል ይሆናል። በጓያ ጉዳይ ግን ሳይንሱን እስከ መጨረሻው የተከተለ ሰው ፖለቲካ ውስጥ ሳይገባ የሚወጣበት በር የለም። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ።

የጅሩን መሬት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጥቁሩ አፈራችን ክረምት ውሃ ያቁራል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ለስንዴው ሲባል ቤተሰቡ በሙሉ፣ ሴቱም ልጁም ወጥቶ፣ ውሃው እንዲጠፋለት መደብና ቦይ በእጁ ያበጃል። ያን የመሰለ ክምር፣ ሀገር የሚያወራለት ሰንጋ የሚገኘው በዚህ ጣር ነው። ጓያ ግን ይህን ሁሉ አይጠይቅም። ክረምቱ ሲወጣ መሬቱ ገና ጭቃ ሳለ ይዘራል፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ጠብታ ባይዘንብ እንኳ በአፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ያድጋል። ማዳበሪያ አይሻም፤ ሥሩ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን እየሳቡ ይመግቡታል፣ ለቀጣዩ ሰብልም ይተርፋል። ከፍሬው ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ገለባው ለከብት ይሆናል። ስንዴው በዋግ፣ ምስሩ በውርጭ ሲሄድ ጓያ ቆሞ ይጠብቃል። እንደ ባዮሎጂ ሰው ከጠየቃችሁኝ ከማደንቃቸው ሰብሎች አንዱ ነው።

ችግሩ ፍሬው ውስጥ ያለው ኦዳፕ የሚባል ንጥረ ነገር ነው። የህንድ ተመራማሪዎች ለይተው ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። የነርቭ ሴሎቻችን እርስ በርሳቸው መልእክት የሚለዋወጡበት ግሉታሜት የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ኦዳፕ እሱን ይመስላል። ሴሉ የታወቀ እንግዳ መጣ ብሎ በሩን ይከፍታል፤ እንግዳው ግን አይወጣም። ሴሉ ያለ ዕረፍት ሲቀሰቀስ ይቆይና ይሞታል። በተለይ የሚጎዱት ከአንጎል ተነስተው እግርን የሚያዙት ረጃጅም ነርቮች ናቸው። ሰውየው ያስባል፣ ያያል፣ እግሩ ሲነካም ይሰማዋል፤ እግሩ ግን እንደ እንጨት ይደርቅበታል። ብዙዎች ማታ ደህና ተኝተው ጠዋት መነሳት ሲያቅታቸው ነው የሚያውቁት። ሐኪሞች የሕመሙን ደረጃ የሚለዩት በዱላ ነው፤ ዱላ የማያስፈልገው፣ ባለ አንድ ዱላ፣ ባለ ሁለት ዱላ፣ በመጨረሻም የሚድህ። የሞተው ነርቭ አይመለስም። መድኃኒት የለውም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ በግልጽ መባል አለበት። ይህ በሽታ አይተላለፍም። በዘር አይወረስም። ርግማን አይደለም፣ የጅን ሥራም አይደለም። ጓያ የሰበረው ቤት ልጅ አንሰጥም፣ አናገባም የሚል ሰው ካለ ያለ አንዳች ምክንያት ሰው እየበደለ ነው።

ጓያ የበላ ሁሉ ግን አይሰበርም። ሁላችንም በልተናል፤ በክኩም በሽሮውም፣ አንዳንዴ ሳናውቀው ከተማ ውስጥ ነጋዴ በቀላቀለው ሽሮም። አደጋው የሚመጣው ጓያ ከምግባችን ሲሶና ከዚያ በላይ ሆኖ፣ ያም ሁለት ሦስት ወር ሲዘልቅ ነው። ሲሶ ማዕዱን ጓያ የሚያደርግ ሰው ማነው? ጤፍ ያለው? ስንዴ ያለው? ሽንኩርትና ዘይት መግዛት የሚችል?

ከዚህም የከፋ አለ። ተክሉ ድርቅ ሲያስጨንቀው በፍሬው ውስጥ ያለው ኦዳፕ ይጨምራል። አስቡት እንግዲህ፦ በጥጋብ ዓመት ጓያው ያነሰ መርዝ አለው፣ ሰውም ትንሽ ይበላዋል፣ ከሌላ እህል ጋር ይቀላቅለዋል። በድርቅ ዓመት መርዙ በርትቷል፣ በጎተራ የቀረው እሱ ብቻ ነው፣ የሚቀላቀልበት ነገር የለም። ሦስቱም በአንድ ጊዜ በአንድ ቤት ላይ ይወድቃሉ፤ ያ ቤት ደግሞ ሁልጊዜ የድሃው ቤት ነው። በዝናብ እጥረት የጀመረው ነገር ሽባ የሚያደርገው ጎተራው ባዶ የሆነውን ሰው ብቻ ከሆነ፣ ምክንያቱን ሰማይ ላይ ብቻ መፈለግ ራስን ማታለል ነው።

በሀገራችን የሆነውም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 እና 77 በጎንደር፣ በደምቢያና በፎገራ ወረርሽኝ በሚባል ደረጃ ሰው ሰብሯል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ከድርቅ በኋላ ወሎ ውስጥ በደላንታና ዳውንት ተደገመ። ይህን ያጠኑት ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁን፣ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1999 አውጥቶታል። በበሽታው ይበልጥ የሚመቱት ወጣት ወንዶች ናቸው። ያረሱት፣ የጫኑት፣ ቤት የሚያቆሙት።

በእነዚህ ጥናቶች ለእናቶቻችንና ለእህቶቻችን የሚጠቅም ቁም ነገር ተገኝቷል። አደጋው የሚብሰው በእሸቱ፣ በቆሎውና በንፍሮው ነው። እረኛ ልጅ ቀኑን ሙሉ ማሳ ዳር ሆኖ የሚበላው ደግሞ እሸቱን ነው። ከጤፍ፣ ከገብስ ወይም ከስንዴ ጋር ተቀላቅሎ ሲበላ፣ ወጡም ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ቀይ ሽንኩርት ሲገባበት አደጋው ይቀንሳል። ክኩን ማታ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ ቀጥሎ በብዙ ውሃ ቀቅሎ ያንንም መድፋት ከመርዙ የተወሰነውን ያስወጣል። የተወሰነውን እላለሁ፤ ያጠፋዋል የሚላችሁን አትመኑ። ደግሞስ ውሃ ሁለት ሰዓት ተጉዛ ለምትቀዳ እናት "ሁለቴ ድፊው" ማለት ምክር ነው ወይስ ቀልድ?

ወደ ሌላው ዓለም ስንሻገር ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ህንድ ውስጥ ሬዋ በሚባለው አካባቢ ባለ መሬቶች ለጭሰኛው የቀን ሥራ የሚከፍሉት በጓያ ነበር። ደሞዙ ራሱ እህሉ ነው፤ እህሉ ደግሞ እግሩን ይወስደዋል፤ እግር የሌለው ሰው የት ይሄዳል? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1942 ሩማንያ በያዘችው የዩክሬን ግዛት፣ ቫፕኒያርካ በተባለ ካምፕ ከ1,000 በላይ አይሁድ ታስረው ነበር። ይሰጣቸው የነበረው ምግብ በዋናነት ለከብት መኖ የተቀመጠ ጓያ ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩት እግራቸው ከዳቸው። ከእስረኞቹ አንዱ ዶክተር አርተር ኬስለር ነበር። ላቦራቶሪ የለው፣ መድኃኒት የለው፤ ምግቡን አይቶ፣ የተማረውን አስታውሶ በሽታው ከጓያው መሆኑን ለየ። እስረኞቹም ምግቡ እንዲለወጥ ተቃውሟቸውን አሰሙ። ጓያው ቆመ፤ ብዙዎቹ ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው በዱላ ኖሩ። ኬስለርም ከጦርነቱ በኋላ እስራኤል ሄዶ የሕመሙን ሰዎች መከታተሉን ቀጠለ። የሕክምና ምርመራ ራሱ የተቃውሞ ሰነድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ያ ሐኪም "ፖለቲካ የእኔ ሥራ አይደለም" ቢል ኖሮ ስንት ሰው ይሰበር ነበር?

መንግሥታት ለዚህ በሽታ ያገኙት ቀላሉ መልስ እገዳ ነው። ህንድ እ.ኤ.አ. በ1961 ጓያ እንዳይሸጥ ከለከለች፤ ገበሬው ግን መዝራቱን አልተወም፤ ሌላ ምን ይዝራ? ስፔንም ከእርስ በርስ ጦርነቷ በኋላ በነበረው የረሃብ ዘመን ብዙ ሰው ተሰብሮባት እ.ኤ.አ. በ1967 ለሰው ምግብነት ከለከለችው። ልብ በሉ፣ ክልከላው በመጣበት ጊዜ በሽታው ቀድሞ ከስሟል። ስፔናዊው ዳቦ ሲጠግብ በሽታው ሄደ፤ ሕጉ ዘግይቶ ደረሰ። በ2018 ደግሞ አልፎ አልፎ ቢበላ ጉዳት የለውም ብለው አላሉት። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ሌላ እህል ሳያቀርቡ ጓያን ማገድ ለድሃው ሁለት ሞት መስጠት ነው። "አትብሉ" ብሎ ማስተማርም ብቻውን ከዚህ ብዙ አይሻልም። ሰው ጓያ የሚያበዛው ባለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ደላንታም ቢሆን ብዙው ሰው ጓያ እንደሚሰብር ሰምቶ ነበር፤ ልክ እንደኛው መንገዱን በጤዛው፣ በእንፋሎቱ አሳበበው እንጂ። የራበው ልጅ ያለው አባት ነገ ከሚመጣ ሽባነት ይልቅ ዛሬ የመጣውን ረሃብ ይፈራል። ይህ ድንቁርና አይደለም፤ ስሌቱ ትክክል ነው። የተሳሳተው ሌላ ምርጫ ያሳጣው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? የሚጠየቀው ከባድ አይደለም። በሀገራችን ምርምር መርዙ ዝቅ ያለ "ዋሴ" የተባለ የጓያ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2006 ተለቋል። ዝርያው ብቻውን አይበቃም፤ ንብ ከጎረቤት ማሳ እያመጣች ታዳቅለዋለች፣ ድርቅም የእሱንም መርዝ ያወጣዋል። ግን ከምንም ይሻላል። የዚህ ዘር ስንት ኩንታል ሞረትና ጅሩ ደረሰ? ለማን ተሰጠ? ይህን መጠየቅ የገበሬው መብት ነው፣ ጥያቄውም ከመስከረም በፊት ለግብርና ጽሕፈት ቤቱ መቅረብ አለበት፤ ጓያ የሚዘራው ያኔ ነውና። ሁለተኛ፣ የድርቅ ምልክት በታየ ዓመት እርዳታ የሚደርሰው ሰው መክሳት ሲጀምር ከሆነ ለእግሩ ዘግይቷል። ጓያ ሰው ሳይከሳ ይሰብራል። በገበያ ላይ ጤፍና ስንዴ ሲወደድ፣ ድሃው ወደ ጓያ ሲዞር፣ ያ ራሱ ማንቂያ ደወል ነው። ገበያ የወጣች ሴት ሁሉ ዋጋውን ታውቃለች፤ የሚጠይቃት ግን የለም።

ለራሳችንም የቤት ሥራ አለን። በዝናብ ከሚለማ እህል አስረኛው ዘካ እንደሚወጣ ታውቃላችሁ። ሙፍቲ አይደለሁም፣ የፊቅሁን ዝርዝር ለዑለማዎቻችን እተዋለሁ። የምናገረው እንደ ባዮሎጂ ሰው ነው፦ ለአንድ ድሃ ቤት ዘካውንም ሶደቃውንም ከሁሉም ሰው ጓያ ብቻ አድርገን ከሰጠነው፣ ሳናውቅ ማዕዱን ከሲሶ በላይ ጓያ አደረግንበት ማለት ነው። እያንዳንዱ ሰጪ ጥፋት የለበትም፤ ሲደመር ግን ያ ቤት ይሰበራል። የመስጂድ ኮሚቴዎች የሚሰበሰበውን እህል ዓይነት ቢመለከቱ፣ ጓያ የደረሰው ቤት ስንዴ ወይም ጤፍ አብሮ እንዲደርሰው ቢያደርጉ፣ ሸክሙ ከአንድ ሰው የአንድ ቀን ሥራ አይበልጥም።

ሌላው ቆጠራ ነው። በየመስጂዱ ከጁምዓ በኋላ አንድ ሰው ደብተር ይያዝ። በአካባቢው በጓያ የተጎዳ ማን አለ፣ በስንት ዓመቱ፣ በየትኛው ዓመተ ምህረት፣ ያን ዓመት ምን ይበላ ነበር ብሎ ይመዝግብ። ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ይመዝግብ፤ ኦዳፕ ሃይማኖት አይጠይቅም። ጤና ጣቢያው ዝርዝሩን ከጠየቀን እንሰጣለን፤ ካልጠየቀን ይዘን እንሄዳለን። በመጨረሻው ሶፍ ጥግ ይቀመጡ የነበሩትን አባት ስም የመዘገበ መዝገብ እስከዛሬ አላየሁም። ከደብተሩ ላይ የመጀመሪያው መስመር የእሳቸው ይሁን፤ ቤተሰቦቻቸው ፈቅደውልኛል።