ባቡሩ ለእኛም ይቁም

በዚህ እትም ስለ ባቡር ልጽፍላችሁ ነው። «ስለ ባቡር ምን አዲስ ነገር አለ፣ ስናየው እንውል የለ?» እንዳትሉኝ። እናየዋለን እንጂ አንሳፈርበትም፤ የኔም ሐሳብ ይኸው ነው። ሞጆ ላይ ሐዲድ አለ፣ ጣቢያ አለ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውም ከሐዲዱ በላይ ተዘርግቷል። ጠዋት ወደ ቢሾፍቱ ወይም ወደ አዳማ የሚሄድ ሰው ግን የሚሰለፈው መናኸሪያ ነው።

መጀመሪያ ያለንን ነገር ልናገር። አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ የባቡር መስመር የተመረቀው በመስከረም ወር 2009 ዓ.ም ነው። ርዝመቱ ከ750 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ከሰበታ እስከ አዳማ ድረስ ሐዲዱ ድርብ ስለሆነ የሚሄደውና የሚመጣው ባቡር አንዱ ለሌላው ቆሞ መንገድ መልቀቅ የለበትም። ሽቦው ላይ ያለው ኃይል 25,000 ቮልት ነው። (እግረ መንገዴን፣ ልጆች እባካችሁ ወደዚያ ሽቦ ምንም ነገር አትወርውሩ!) በዚህ መስመር ላይ የምናየው ባቡር አንድ ከባድ ሎኮሞቲቭ ከፊት ሆኖ ብዙ ፉርጎ የሚጎትት ነው። ለኮንቴይነርና እስከ ድሬዳዋ ለሚሄድ መንገደኛ ይሄ ጥሩ ነው። በየ20 ኪሎ ሜትሩ እየቆመ ሰው ለሚያወርድና ለሚጭን ግን አይመችም፤ ከባድ ነገር ለመነሳትም ለመቆምም ጊዜ ይፈጃል።

ለእንዲህ ዓይነቱ አጭር መንገድ ሌላ ዓይነት ባቡር አለ። ጎታች የለውም። ሞተሩ ያለው ራሱ መንገደኛው በተቀመጠባቸው ፉርጎዎች ሥር ነው። የሹፌር ክፍል በሁለቱም ጫፍ ስላለው መጨረሻው ጣቢያ ሲደርስ መዞር አያስፈልገውም፣ ሹፌሩ በእግሩ ወደ ሌላው ጫፍ ሄዶ ይነዳዋል። ከነዚህ ባቡሮች በጣም ከታወቁት አንዱ በስዊዘርላንድ ሽታድለር የተባለው ፋብሪካ የሚሠራው «ፍሊርት» ነው። (ስሙ ከጀርመንኛ ቃላት መነሻ ፊደላት የተወሰደ ነው። የእንግሊዝኛ መምህራችን ሲሰሙት ለምን እንደሳቁ እሳቸውን ጠይቁ።) ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሆን እስካሁን ከ2,000 በላይ ተሽጧል።

ፍሊርት አንድ ባቡር ሳይሆን ቤተሰብ ነው ማለት ይቻላል። ባለ ሁለት ፉርጎ አለ፣ ባለ አራት አለ፣ ከዚያም በላይ የሚረዝም አለ፤ መልካቸውም አሠራራቸውም የወንድማማቾች ነው። ጠዋት ሰው ሲበዛ ሁለቱን ያያይዟቸዋል፣ ቀትር ላይ ይለያዩዋቸዋል። ሁለት ጎረቤት ፉርጎዎች መገናኛቸው ላይ ያሉትን ጎማዎች በጋራ ስለሚጠቀሙ ክብደቱ ይቀንሳል። ፍሬን ሲይዝ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ወደ ሽቦው ይመልሳል። ሳይንስ ክፍለ ጊዜ ላይ ስለ ጄኔሬተር የተማርነው ማለት ነው፣ ከደብተር ወጥቶ ሐዲድ ላይ።

እኔ ከሁሉም የወደድኩት ወለሉን ነው። ትራንስፎርመሩና ሌሎች ዕቃዎች በአብዛኛው ጣሪያው ላይ ስለሚቀመጡ ወለሉ ዝቅ ብሎ የተሠራ ነው። መሳፈሪያው ከሱ ጋር እኩል ከሆነ በዊልቸር የሚሄድ ሰው ማንም ሳይሸከመው ይገባል። እስቲ ሚኒባስ ላይ ሞክሩት! ረዳቱ ገና ዊልቸሩን ከሩቅ ሲያይ «ሞልቷል» ይላል። እግሩ የማይሄድ ልጅ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሶ ሌላ ከተማ ተመላልሶ ልማር ቢል በምን ይሄዳል? እናት ልጇን አዝላ ሆስፒታል ስትሄድስ? ከአዳማ እየተመላለሱ የሚያስተምሩን መምህራን ታክሲ ጠፍቶ ሲዘገዩ የሚባክነው የኛ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ነው እኮ።

ይህን ሐሳብ ለጓደኞቼ ሳነሳ «እሱ የአውሮፓ ነው፣ አፍሪካ ውስጥ አይሆንም» አሉኝ። ሆኗል! አልጄሪያ 64 ፍሊርቶች ገዝታ በዋና ከተማዋ በአልጀርስ ዙሪያ ለሚመላለሱ ሰዎች አሰማርታለች። እዚያ ያለው ሽቦ 25,000 ቮልት ነው፣ የሐዲዱም ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። የኛም ልክ እንደዚያው ነው። ስለዚህ ሽቦና ሐዲድ እንደ አዲስ መዘርጋት አይጠበቅብንም፣ ትልቁ ወጪ ወጥቷል።

አንዱ ጓደኛዬ ያነሳው ጥያቄ ግን ከባድ ነው። «የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርም ሲመጣ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር፤ መለዋወጫ ሲጠፋ ብዙዎቹ ቆሙ አይደል?» አለኝ። እውነቱን ነው። ስለዚህ እኔ የምለው ብዙ ይገዛ አይደለም። ጥቂት ይገዛ፣ ግን ከነመለዋወጫውና ከነሥልጠናው። ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ከሆኑ አንዱን መጠገን የቻለ ባለሙያ ሌላውንም ይጠግናል፣ መለዋወጫውም አንድ ዓይነት ይሆናል። ሐዲዱ ላይ የሚገቡት ከብቶች ጉዳይም አለ። ቀላል ባቡር ከበሬ ጋር ቢጋጭ ለሁለቱም አይበጅም፣ አጥሩ መጠገን አለበት። ጣቢያው ከከተማ ይርቃል የሚለውን ግን ብዙም አልፈራውም፤ ሰው ካለ ባጃጅ ይመጣል።

ጭነት ይቅደም የሚሉም አሉ። ይቅደም፣ ማን ከለከለ? እኔ የምጠይቀው ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት አጫጭር ባቡር ነው፤ ከፉሪ ለቡ ተነስቶ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ። ድርብ ሐዲዱ ያለው እዚሁ ላይ ነው።

የማይስማማ ካለ ጽሑፉን በክበባችን ሳጥን ውስጥ ይክተት፤ በሚቀጥለው እትም ከኔ ጽሑፍ ጎን እንለጥፈዋለን።

ከ8ኛ «ለ» ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል