«ከመሃል ከተማ ሠላሳ ደቂቃ ብቻ!» ጀልባ፣ ባቡር ወይስ አውቶቡስ?

በዚህ ወር ይዤላችሁ የመጣሁት በየክርስትናው ድግስና በየቡናው ዙሪያ ሳይነሳ የማያልፈውን ጥያቄ ነው፦ «ቤት የት እንግዛ?»

በሲያትል የቤት ዋጋ አልቀመስ ብሏል። ልጅ ሲጨመር ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ይጠባል። እናት ከአዲስ አበባ ልጠይቃችሁ ብላ ስትመጣ ሳሎኑ መኝታ ቤት ይሆናል። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ ዓይኑን ወደ ዳር አዙሯል። አንዱ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሊንዉድ ያያል፤ ሌላው ወደ ደቡብ፣ ወደ ኬንትና ኦበርን። ደፈር ያለው ደግሞ ውሃውን ተሻግሮ ብሬመርተንን ይጠይቃል፤ እዚያ በሲያትል ዋጋ የማይታሰብ ግቢ ያለው ቤት ይገኛልና።

እኔ በሙያዬ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ። ማስታወቂያ ሳነብ ከተጻፈው ይልቅ የተተወውን መፈለግ ልማዴ ሆኗል። «ከመሃል ከተማ በጀልባ ሠላሳ ደቂቃ» የሚለው የቤት ሻጮች አባባል ውሸት የለበትም። ነገር ግን ሠላሳው ደቂቃ የሚቆጠረው ጀልባው ገመዱን ከፈታበት ነው፤ እርስዎ የቤትዎን በር ከቆለፉበት አይደለም። ልዩነቱ የት እንዳለ አብረን እናስላው።

ጀልባው እውነተኛ ጥቅም አለው

መጀመሪያ ለጀልባው ፍርድ እንስጠው። ብሬመርተንና ሲያትል ፊት ለፊት ቢሆኑም በመካከላቸው ፒዩጀት ሳውንድ ተኝቷል። በመኪና መሄድ ማለት በደቡብ ዞሮ፣ የታኮማ ናሮውስን ድልድይ ከፍሎ ተሻግሮ፣ ከዚያ በአይ-5 መጨናነቅ ውስጥ መግባት ነው፤ መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል። መኪና የሚጭነው የስቴቱ ትልቅ ፌሪ አንድ ሰዓት ይፈጃል። በፈረንጆቹ ሐምሌ 2017 የኪትሳፕ ካውንቲ ትራንዚት ድርጅት የጀመረው ለእግረኛ ብቻ የሆነ ፈጣን ጀልባ ግን ይህን ሰዓት በግማሽ ቆረጠው።

ፍጥነቱ በውሃው ላይ ብቻ አልነበረም። የካውንቲው ነዋሪዎች ለዚህ አገልግሎት ከ100 ዶላር ግዢ 30 ሳንቲም የሽያጭ ታክስ ለመጨመር ድምፅ የሰጡት በኅዳር 2016 ነው። በስምንት ወር ገደማ ጀልባው መሥራት ጀመረ፤ ሊሠራበት የሚችል ጀልባ ቀድሞ ተሠርቶ ስለነበረ ነው። አሁን ከባቡሩ ጋር ያስተያዩት። ባቡር ወደ ሊንዉድ የሚያደርሰውን ዕቅድ ሕዝቡ ያጸደቀው በ2008 ሲሆን፣ ባቡሩ ሊንዉድ የገባው ነሐሴ 30 ቀን 2024 ነው። በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ደርሶ ነበር! ውሃው አስፋልት አይፈልግም፣ ሐዲድ አይፈልግም፣ የሰው ቤት አያስፈርስም። መዳረሻና ጀልባ ካለ መንገዱ ተሠርቶ አልቋል።

ጉዞውም ደስ ይላል። ቀይ የመኪና መብራት የለም። ቀኑ ብሩህ ከሆነ የሬኒየር ተራራ ከሩቅ ይታያል፤ ቡናዎን እየጠጡ የሚያነቡትን ያነባሉ። ዕድሜያቸው እስከ 18 ዓመት ለሆኑ ልጆች ደግሞ በጀልባውም፣ በስቴቱ ፌሪ በእግር ለሚሳፈሩም፣ በባቡሩና በአውቶቡሱም ከ2022 ጀምሮ ነፃ ሆኗል።

ያመለጠው ጀልባ ስንት ያስከፍላል?

የቲኬቱን ዋጋ ሁሉም ሰው ያስባል። ፈጣኑ ጀልባ ሲጀመር ወደ ሲያትል 2 ዶላር፣ ሲመለሱ 10 ዶላር ነበር። ባቡሩ ከሊንዉድ መክፈቻ ጀምሮ የትም ቢሄዱ 3 ዶላር ነው፤ ደርሶ መልስ 6። በጀልባው የመነሻ ዋጋ እንኳ ብናሰላ ልዩነቱ በቀን 6 ዶላር፣ በ20 የሥራ ቀን 120 ዶላር ይሆናል። በቤቱ ወርሃዊ ክፍያ ላይ ከሚያተርፉት ጋር ሲተያይ ይህ የሚያስፈራ ገንዘብ አይደለም።

የሚያስፈራው ሌላው ዋጋ ነው። ባቡሩ ቀን ቀን ቢያንስ በየ10 ደቂቃው ይመጣል። አለቃዎ ሊወጡ ሲሉ «አንድ ጊዜ» ብሎ ቢያቆይዎ የሚያጡት አንድ ባቡር ነው፤ ቀጣዩ መጣሁ ይላል። ጀልባ ግን ሄዶ፣ አውርዶ፣ ጭኖ መመለስ አለበት። ለመሻገር 30 ደቂቃ ከፈጀ፣ ያው አንድ ጀልባ እንደገና ከሲያትል እስኪነሳ ከአንድ ሰዓት በላይ ያልፋል። ጀልባው የሚይዘው 118 ሰው ስለሆነ ሰዓቱን አክብረው ደርሰው እንኳ ሞልቶ ሊያገኙት ይችላሉ።

አሁን ልጅዎ ዴይኬር ውስጥ እየጠበቀዎት ነው እንበል። የሚዘጋው በ12 ሰዓት ነው። ብዙ ዴይኬሮች ከዚያ በኋላ የሚያስከፍሉት በደቂቃ ነው። ገንዘቡስ ይሁን፤ ጓደኞቹ ሁሉ ሄደው ጃኬቱን ለብሶ በር በሩን የሚያይ የአራት ዓመት ልጅ በየትኛው ሒሳብ ይመዘገባል? ስለዚህ የመጓጓዣ ምርጫዎን በተሳካለት ቀን አይለኩት፤ በተበላሸው ቀን ይለኩት።

ከበር እስከ በር

አንድ ምሳሌ እንሥራ፤ ቁጥሮቹን በራስዎ ይተኩ። ከብሬመርተን ቤትዎ እስከ ወደቡ በመኪና 12 ደቂቃ፣ አቁሞ በእግር ለመድረስ 8፣ ሰልፍ ለመያዝ 10፣ ውሃው ላይ 30፣ ከሲያትል ወደብ ዳገቱን ወጥቶ ቢሮ ለመድረስ 12 ደቂቃ። ድምሩ 72 ነው። ከሊንዉድ ደግሞ እስከ ጣቢያው 10፣ ለማቆም 7፣ ለመጠበቅ 5፣ በባቡር መሃል ከተማ ለመድረስ 28፣ በእግር 6፤ በጠቅላላው 56 ደቂቃ። በእርግጥ ሊንዉድ ላይም ማልደው ካልደረሱ የመኪና ማቆሚያው ሊሞላ ይችላል። «ሠላሳ ደቂቃ ብቻ» የተባሉት ሁለቱም መንገዶች ግን ሠላሳ አይደሉም።

ቢሮዎ ከውሃው ዳር ርቆ ከሆነ ልዩነቱ ይሰፋል። ባቡሩ በመሃል ከተማ አልፎ ወደ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲም ወደ አውሮፕላን ማረፊያውም ይሄዳል። ጀልባው ወደቡ ላይ ይተውዎታል፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ መጓጓዣ ነው።

ውሃም የራሱ ሕግ አለው

የብሬመርተን ፈጣን ጀልባ በ2017 የመጀመሪያው አልነበረም። ስቴቱ በ1998 በዚሁ መስመር ፈጣን ጀልባ አሰማርቶ ነበር። ሪች ፓሴጅ በሚባለው ጠባብ መተላለፊያ ሲያልፍ ግን የሚያስነሳው ሞገድ የሰዎችን የባሕር ዳርቻ መሸርሸር ጀመረ። የዳርቻው ባለቤቶች ከሰሱ፤ ጀልባው ፍጥነቱን እንዲቀንስ ተደረገ፤ ፍጥነት የሌለው ፈጣን ጀልባም በ2003 ቆመ። ሞገዱ ዝቅ እንዲል ታስቦ የተሠራው የአሁኑ ጀልባ ሥራ እስኪጀምር ድረስ ነዋሪው ከአሥር ዓመት በላይ ጠበቀ። በዚያ ተስፋ በ1998 ቤት የገዛ ቤተሰብ ምን እንደተሰማው ማሰብ አይከብድም።

ሠራተኛም አለ። ጀልባ ሰው ቢጎድልበትም ባይጎድልበትም ሕግ የሚጠይቀውን ያህል ፈቃድ ያላቸው ባሕረተኞች ሳይሟሉ አይነሳም። ከ2021 ጀምሮ የስቴቱ ፌሪ በሠራተኛ እጥረት የብሬመርተንን መስመር ከሁለት መርከብ ወደ አንድ አውርዶ ለዓመታት ቆይቶ ነበር። አውቶቡስ ቢበላሽ ሌላ አውቶቡስ ይመጣል፤ መርከብ ግን በመጠባበቂያ የሚቆም ብዙ የለም።

ለሚዛኑ ደግሞ ይህን ልጨምር። የዌስት ሲያትል ድልድይ ተሰንጥቆ ከመጋቢት 2020 እስከ መስከረም 2022 ሲዘጋ፣ የካውንቲው የውሃ ታክሲ ለሰፈሩ ትልቅ መላ ሆኗል። ያ መስመር የሠራበት ምክንያት አለው፦ መሻገሪያው ሩብ ሰዓት አይሞላም፣ ነፃ ሚኒባሶችም ከሰፈሩ እስከ ጀልባው ያደርሳሉ። አጭር ውሃና የሚጠብቅ አውቶቡስ ካለ ጀልባ ያዋጣል።

ሰፈሩ ሲያድግስ?

እዚህ ላይ እንደ ግብር ከፋይ እናስብ። አንድ ጀልባ 118 ሰው ከያዘ፣ ይህ ሁለት ባለ ቅጥልጥል አውቶቡሶች በመቀመጫ የሚይዙት ያህል ሰው ነው። ሰፈሩ አድጎ ተሳፋሪ በእጥፍ ቢጨምር አውቶቡሱን ማብዛት ይቻላል፤ አዲስ ሰፈር ቢቆረቆር መስመሩን ማዞር ይቻላል። ባቡሩ አንዴ ከተሠራ በኋላ ፉርጎ ይቀጠልለታል፤ በጣቢያው ዙሪያም አፓርታማና ሱቅ ይበቅላል። ጀልባው ግን ለእያንዳንዱ ጭማሪ ሌላ ጀልባ፣ ሌላ ባሕረተኛና ብዙ ነዳጅ ይፈልጋል፤ ወደ አዲሱ ሰፈርም አይመጣም፣ ሰፈሩ ወደ እርሱ መሄድ አለበት።

ስለዚህ መንገድ ባለበት ቦታ፣ ለሚያድግ ሰፈር መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ የሚመጣ አውቶቡስ፣ ሕዝቡ ሲበዛ ባቡር ይሻላል ባይ ነኝ። ጀልባ ቦታው የሚሆነው ውሃው ራሱ መንገድ ሲሆን ነው። ብሬመርተን እንዲህ ካሉት ቦታዎች አንዱ ነው፤ ለሁሉም ቤተሰብ ይሆናል ማለት ግን አይደለም።

የእኛ ቤት መለኪያ

የእኛ ማኅበረሰብ ሕይወት ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ አይደለም። ብዙዎቻችን በሆስፒታል፣ በአውሮፕላን ማረፊያና በእንክብካቤ ቤቶች በፈረቃ እንሠራለን። የፈጣኑ ጀልባ ሰሌዳ የተቀረጸው ጠዋት ሄዶ ማታ ለሚመለስ የቢሮ ሠራተኛ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ እንደ ሥራ ቀን አያገለግልም። እሁድ ቅዳሴ፣ ቅዳሜ ሠርግ፣ በሳምንቱ መሃል ለቅሶ ሲኖር ፈጣኑ ጀልባ ከሌለ በትልቁ ፌሪ አንድ ሰዓት ተሻግረው፣ ያንኑ ያህል ይመለሳሉ።

እናትዎንም ያስቡ። መኪና አይነዱም። ባቡር ጣቢያ አጠገብ ቢኖሩ፣ በ65 ዓመት የቅናሽ ካርድ በ1 ዶላር ራሳቸው ሄደው ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው፣ ወዳጅ ጠይቀው ይመለሳሉ። ከውሃው ማዶ ግን ግቢው የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን ቀኑን ሙሉ የልጅ መምጫ የሚጠብቁ እንግዳ እንዳይሆኑ እሰጋለሁ።

ከመፈረምዎ በፊት እነዚህን ያድርጉ፦

1. አንድ ሳምንት ሙሉ፣ በሥራ ሰዓትዎ፣ ከዚያ ሰፈር እንደሚነሱ ሆነው ይመላለሱ። አንዱ ቀን ዝናባማ ይሁን።

2. የመጨረሻውን ጀልባ ወይም ባቡር ሰዓት ይጻፉ። ካመለጠዎት እንዴት ቤት እንደሚገቡና ስንት እንደሚያስወጣ አጠገቡ ያስፍሩ።

3. ልጁ ትምህርት ቤት ቢታመም አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሊደርስ የሚችል ወላጅ ወይም ዘመድ በየትኛው ወገን እንዳለ ይወቁ።

4. የመሥሪያ ቤትዎን የሰው ኃይል ክፍል የኦርካ ካርድ እንደሚሸፍን፣ ወይም ወጪውን ከታክስ በፊት እንደሚቀንስ ይጠይቁ። የኦርካ የሁለት ሰዓት ዝውውር ከአውቶቡስ ወደ ባቡር ሲሠራ በስቴቱ ፌሪ ላይ ግን አይሠራም።

5. «ሊመጣ ነው» የተባለን መስመር ዋጋ አይክፈሉበት። ዛሬ የሚሠራውን ብቻ ይቁጠሩ።

ከባልና ሚስት አንዱ ቋሚ የቀን ሥራ ኖሮት ቢሮው ከወደቡ በእግር ከደረሰ፣ ሌላው ደግሞ ማዶ የሚሠራ ወይም ከልጆቹ ጋር የሚውል ከሆነ ብሬመርተንን ያለ ስጋት ይዩት። ሁለታችሁም በፈረቃ የምትሠሩ፣ ልጆቹም ትንንሽ ከሆኑ ግን ጠበብ ያለውን ቤት ከባቡሩ አጠገብ እንድትመርጡ እመክራለሁ። ሳሎን ቢጠብ ይቻላል፤ ልጆች ከመተኛታቸው በፊት ቤት አለመድረስ በየቀኑ የሚከፈል ዕዳ ነው።

በሚቀጥለው ወር በሌላ የቤተሰብ ጉዳይ እስክንገናኝ፣ ደህና ሰንብቱ።