ባልተመቸ ሳሎን ውስጥ ድምፅን ስለ ማስተካከል

በቤተ ክርስቲያናችን ቅኔ ማኅሌት ውስጥ የቆመ ምእመን፥ ድምፅ ከአንድ ወገን ብቻ ወደ ጆሮ እንደማይመጣ ያውቃል። መዘምራኑ በቀኝ ጌታና በግራ ጌታ መሪነት በሁለት ወገን ቆመው ዜማውን እየተቀባበሉ ሲያደርሱ፥ በመካከል ያለው ሰው በዜማው ይከበባል፤ ከየትኛው ወገን እንደ ተነሣም ዐይኑን ሳይገልጥ ይለየዋል። ፊልም የሚሠሩ ሰዎችም ይህን የመሰለውን መከበብ በአዳራሻቸው ለማምጣት ብዙ ደክመዋል። እ.ኤ.አ. በ1940 ዋልት ዲዝኒ «ፋንታዝያ» የተባለውን ፊልም በኒውዮርክ ባሳየ ጊዜ፥ ድምፁ ከፊት ብቻ ሳይሆን በአዳራሹ ዙሪያ ከተተከሉ ማጉያዎችም ይሰማ ነበር። ያ የአዳራሽ ጥበብ ዛሬ «ሆም ቲያትር» ተብሎ፥ በአምስት ድምፅ ማጉያዎችና በአንድ ዉፈር ተመጥኖ ወደ ብዙ ቤቶች ገብቶአል።

ይሁን እንጂ ዕቃው የታሰበለት ክፍል ማዕዘኑ የተስተካከለ፥ መቀመጫውም ከመካከል የሆነ ነው። የብዙዎቻችን ሳሎን ግን እንዲህ አይደለም። በአንዱ ጎን የመግቢያ በር፥ በሌላው ጎን የበረንዳ መስኮት አለ፤ ሶፋው ከኋላው ግድግዳ ጋር ተጣብቆአል፤ የክፍሉ ግማሽም ወደ ምግብ ጠረጴዛው ይታጠፋል። ስለዚህ ማጉያዎቹ ባዶ ቦታ በተገኘበት ይቀመጣሉ፤ አንዱ በመደርደሪያ ጫፍ፥ አንዱ ከወንበር ኋላ በወለል ላይ ይሆናል።

የዚህ ጕዳት ከሁሉ አስቀድሞ የሚደርሰው በአረጋውያን ላይ ነው። ለአያት የምትሰጠው የክብር ወንበር ብዙውን ጊዜ ከሶፋው ዳር ለብቻዋ የተቀመጠች ናትና፥ የዙሪያው ማጉያ ከጆሮዋቸው አጠገብ ይውላል። የዝናቡና የመኪናው ጩኸት ይሰማቸዋል፤ የሰው ንግግር ግን አይለይላቸውም። ጥቂት ጊዜ ከታገሡ በኋላ «እናንተ እዩ» ብለው ወደ መኝታቸው ይሄዳሉ። ቤተ ሰብን አንድ ላይ ይሰበስባል ተብሎ የተገዛው ዕቃ በዕድሜ የበለጡትን ለይቶ አስወጣ ማለት ነው። እንግዲህ የማጉያ አቀማመጥ መታሰብ የሚጀምረው ከግድግዳው ሳይሆን ሰው ከሚቀመጥበት ስፍራ መሆን አለበት እንላለን።

ሥርዐቱ እንዲህ ነው። ፊታችንን ወደ ቴሌቪዥኑ አቅንተን ብንቀመጥ፥ ቴሌቪዥኑ ያለበት ዜሮ ዲግሪ፥ ትክክለኛው ጎናችን 90 ዲግሪ፥ ትክክለኛው ኋላችን 180 ዲግሪ ይባላል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ባወጣው መመሪያ መሠረት፥ የመካከሉ ማጉያ ከቴሌቪዥኑ ጋር፥ የፊቶቹ ሁለቱ በግራና በቀኝ በ30 ዲግሪ፥ የዙሪያዎቹ ሁለቱ ደግሞ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ይቀመጣሉ። መለኪያ የሌለው ሰው ተቀምጦ ሁለት እጆቹን ወደ ጎን ይዘርጋ፤ ከዚያም ጥቂት ወደ ኋላ ይመልሳቸው፤ ጣቶቹ የሚያመለክቱት የዙሪያዎቹ ማጉያዎች ስፍራ ነው። ከፍታቸውም ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ጥቂት ከፍ ቢል መልካም ነው።

ክፍሉ ይህን ሲከለክል ሦስት መፍትሔዎች አሉ።

አንደኛ፥ ሶፋው ከኋላው ግድግዳ ጋር የተጣበቀ እንደ ሆነ፥ ቢቻል 30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ይሳብ። ባይቻል ማጉያዎቹ በጎንና በጎን ግድግዳ ላይ፥ በመቀመጫው ትይዩ ይሰቀሉ። ከራስ ኋላ ተጠግቶ የሚጮኽ ማጉያ አድማጩን ያውካል እንጂ አያስደስትም።

ሁለተኛ፥ አንደኛው ጎን በር ወይም ክፍት ቦታ ሆኖ ግድግዳ የሌለው እንደ ሆነ፥ በዚያ ወገን ማጉያውን በቋሚ እግር ላይ ማቆም ወይም ከጣሪያ ማንጠልጠል ይቻላል። በተቻለ መጠን የሁለቱ ማዕዘን ይመሳሰል፤ ርቀታቸው ቢበላለጥ ግን መድኃኒት አለው። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛልና፥ በአንድ ሜትር የቀረበው ማጉያ በሴኮንድ ሦስት ሺሕኛ ያህል ይቀድማል። ይህ ኢምንት ይመስላል፤ ነገር ግን ጆሮ አንድ ዐይነት ድምፅ ከሁለት ስፍራ ሲመጣለት ቀድሞ ወደ ደረሰው ያደላል። ጀርመናዊው ሄልሙት ሃስ እ.ኤ.አ. በ1949 ባቀረበው ጥናት ይህን በሰፊው አስረድቶአል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ማጉያ እስከ ዋናው መቀመጫ ያለውን ርቀት በሜትር ለክቶ በአምፕሊፋየሩ ላይ መመዝገብ ይገባል፤ መሣሪያው የቀረበውን አዘግይቶ ሁሉንም አንድ ጊዜ ያደርሳቸዋል። የርቀት መመዝገቢያ የሌለው እንደ ሆነ የቀረበውን ማጉያ ድምፅ መቀነስ ይረዳል።

ሦስተኛ፥ ተስማሚ ስፍራ ፈጽሞ ያልተገኘ እንደ ሆነ፥ የዙሪያዎቹን ማጉያዎች መተው ይሻላል። የፊቶቹ ሦስቱ በሚገባ ቢቀመጡ፥ በክፉ ስፍራ ከተበተኑ አምስት ማጉያዎች ይበልጣሉ። ነገር ግን የዙሪያ ማጉያ እንደሌለ በአምፕሊፋየሩ ላይ ማስታወቅ አይዘንጋ፤ አለዚያ ለእነርሱ የተመደበው ድምፅ ጠፍቶ ይቀራል። ቀሪው ባዶ ግድግዳ ሥዕለ አድኅኖ የተሰቀለበት፥ ቤተ ሰቡ ቆሞ የሚጸልይበት እንደ ሆነም ይኸው ሦስተኛው መፍትሔ ይመረጥ፤ የጸሎት ስፍራ ለማጉያ ሲባል አይነሣም።

አሁን ወደ አያት ወንበር እንመለስ። በፊልም ውስጥ የሰው ንግግር አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከመካከሉ ማጉያ ነው። ስለዚህ ይህ ማጉያ በመደርደሪያ ውስጥ ጠልቆ አይደበቅ፤ ዳንቴል አይልበስ፤ የአበባ ማስቀመጫም ከፊቱ አይቁም። ወደ መደርደሪያው ጫፍ ወጥቶ፥ ፊቱ ወደ ተቀማጮች ጆሮ ይቅና። በሙከራው ድምፅ ሁሉም ከተስተካከሉ በኋላ፥ የመካከሉን በ2 ወይም በ3 ዴሲቤል ከፍ ማድረግ ጆሮአቸው ለደከመ ሰዎች ብዙ ይጠቅማል። የዙሪያው ማጉያ ከወንበራቸው ከአንድ ሜትር ያነሰ ርቀት ላይ እንደ ሆነ፥ ከፍ ብሎ ይሰቀልና ፊቱ ከራሳቸው በላይ ወደ ማዶው ግድግዳ ይዙር።

ዉፈሩ ግን ከሁሉ ይልቅ ቦታ አያስቸግርም። የወፍራም ድምፅ ሞገድ ረጅም ነውና፥ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚርገበገበው ወደ 7 ሜትር ይደርሳል፤ ጆሮም ከየት እንደ መጣ በቀላሉ አይለየውም። ተስማሚውን ስፍራ ለማወቅ ዉፈሩን ለጊዜው በመቀመጫው ላይ አኑሮ፥ በክፍሉ ዙሪያ ዝቅ ብሎ እያዳመጡ መዞር ነው፤ ድምፁ ጥርት ብሎ፥ ሳያጓራ የሚሰማበት ስፍራ የዉፈሩ ስፍራ ይሆናል። በማዕዘን ቢቀመጥ ግን ጉልበቱ ይበረታል። ጎረቤት በሚጋራው ግድግዳ ላይ ተደግፎ የሚያጓራ ዉፈር የሌላውን ሕፃን ከእንቅልፉ ይቀሰቅሳልና፥ ከዚያ ይራቅ፤ ሲመሽም ይቀነስ።

ሽቦው በበር መተላለፊያ ላይ ወይም በምንጣፍ ሥር አይዘርጋ፤ አረጋዊ ያደናቅፋል። በግድግዳው እግር ተከትሎ ይሂድ። ቀዩ ከቀይ፥ ጥቁሩም ከጥቁር ጋር ይያያዝ፤ ቢገለባበጥ ድምፁ ይኮሰምናል።

በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ብዙ ምእመናን በቤታቸው ሆነው ቅዳሴን በቴሌቪዥን ተከታትለዋል፤ ዛሬም ሕመምና እርጅና ከቤት ያዋላቸው እንዲሁ ያደርጋሉ። እንዲህ ያለው ሥርጭት አብዛኛውን ጊዜ በሁለት መሥመር ብቻ የሚተላለፍ ነው። መሣሪያው በራሱ ፈቃድ ወደ አምስቱ ማጉያዎች ሲበትነው ዜማው ይደበዝዛልና፥ በዚያን ጊዜ «ስቴሪዮ» የሚለውን መምረጥ ይሻላል። የድምፁንም ልክ ማወቅ ይገባል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት ከ80 ዴሲቤል፥ ለሕፃናት ከ75 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል።

በመጨረሻም ሥራው መፈጸሙ የሚታወቅበትን ፈተና እንናገር። የቤቱ ሰው ሁሉ በየስፍራው ይቀመጥ፤ ንግግር የሚበዛበት ክፍል ይከፈት፤ ከዚያም እናት ወይም አያት የሰሙትን ይጠየቁ። ቃሉን አስተካክለው ከመለሱ ማጉያዎቹ በስፍራቸው ናቸው። ካልመለሱ ግን፥ የጎልማሶቹ ጆሮ ምንም ደስ ቢለው፥ መሰላሉ እንደ ገና ይምጣ።