ጠመንጃውና ሙዳዩ

ጅጋ ዙሪያ ካሉት የገጠር ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ብላችሁ ስለ አያት ጠመንጃ ብትጠይቁ መልሱ አይዘገይም። በማን ዘመን እንደታጠቁት፣ የት እንደዋሉበት፣ ለማን እንዳወረሱት ይተረክላችኋል። እዚያው ቤት ስላለው ሙዳይ ብትጠይቁ ግን «የጥንት ነው» ከማለት ያለፈ ነገር አታገኙም።

በእኛም ቤት እንዲሁ ነበር። ከአያቴ ለእናቴ፣ ከእናቴም ለእኔ የደረሰ አንድ ሙዳይ አለ። ስንደዶው መስከረም ሲጠባ ከመስክ የተነቀለ፣ አክርማው ቀለም ተነክሮ አለላ የሆነ፣ በወስፌ ዙር በዙር የተሰፋ ነው። ክዳኑ ላይ ቀዩ አለላ ድንገት ይቋረጥና በጥቁር ይቀጥላል። ቀዩ አልቆባት ይሆን? ወይስ ሐዘን ገብቶባት? መልሱን የምታውቀው እናቴ ዛሬ የለችም፤ በሕይወት ሳለችም አልጠየቅኋትም።

ይህን ጸጸት ያባባሰብኝ የደራሲ መዓዛ መንግሥቴ ነገር ነው። መዓዛ በ1928 ዓ.ም. ፋሽስት ኢጣልያ ሲወረን ስለዘመቱ ሴቶች የሚተርከውን፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመውን «ዘ ሻዶው ኪንግ» የተሰኘ ልብ ወለድ ለዓመታት ስትጽፍ፣ የኢጣልያ ወታደሮች ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ከያሉበት ስትለቅም ኖራለች። የገዛ ቅድመ አያቷ የአባታቸውን ጠመንጃ በዳኛ ፊት ተሟግተው ወስደው መዝመታቸውን የሰማችው ግን መጽሐፉ ወደ ማለቁ ሲቃረብ፣ ከእናቷ አፍ ነው። እስከዚያ ያልተነገራትም ስላልጠየቀች ነበር።

እነሆ ጠመንጃውም የወንድ ብቻ አልነበረም!

እኛ ሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ታሪክ ፍለጋ ሩቅ እንሄዳለን፤ የባዕድ መዝገብ እናገላብጣለን። ቅርስ ሲባልም ዓይናችን ወደ ጎራዴና ወደ ዘውድ ነው። ስፌት ግን የቤት ሥራ ነው ተብሎ የሰፊዋ ስም አይጠራም። የአያቶቻችን ሥዕል እርሱ አልነበረምን? ቀለም መርጠው፣ ሐረግ አስበው፣ ያዩትንና የሆኑትን ያኖሩት በስንደዶና በአለላ ነው። ያን የሚፈታልን ሰው ካለፈ በኋላ በእጃችን የሚቀረው ሣር ብቻ ነው።

እናታችሁ፣ አያታችሁ በሕይወት ካሉ ለበዓል ስትገቡ ሙዳዩን አውርዱና «ማን ሰፋው? መቼ? ለማን?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚነግሯችሁንም በወረቀት ጽፋችሁ እዚያው ሙዳዩ ውስጥ አኑሩት። የእኔ ባዶውን ተቀምጧል።