አንተ የማትቀምሰው ስጦታ

ወንድሜ፣ የእጮኛህ ቤት ሽማግሌ የምትልክበት ቀን ደርሷል እንበል። አዲስ አበባ ለሚወርድ ጓደኛህ ብር ሰጥተህ «ጥሩ ውስኪ ይዘህልኝ ና» ትለዋለህ። እርሱም ሱቅ ገብቶ ይደውልልሃል፤ «ቀይ ሌብል ነው ጥቁር ሌብል?» አንተ ሁለቱንም ቀምሰህ አታውቅም። «የቱ ያስከብራል?» ትለዋለህ። «ጥቁሩ» ይልሃል። ምርጫው አለቀ።

እንግዲህ የመረጥከው ምንድን ነው? ጣዕሙን አታውቀውም፤ የመረጥከው ዋጋውን ነው። ለአማትህ የምታቀርበውም ካርቶን የለበሰ ዋጋ ነው።

«እኔ አልጠጣም፤ መስጠት ግን ምን አለበት?» የሚል ብዙ ነው። እኔም እጠይቃለሁ። የተውከው ስለሚጎዳ ከሆነ፣ ለምታከብረው ሰው ጉዳት የምታቀርበው ለምንድን ነው? የማይጎዳ ከሆነስ ለምን ተውከው? የ750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 40 በመቶው፣ ማለትም 300 ሚሊ ሊትሩ፣ ንጹሕ አልኮል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ለጤና ምንም ስጋት የሌለው የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቋል። የአገራችን የ2011 ዓ.ም. አዋጅም ዕድሜው 21 ላልሞላው አልኮል እንዳይሸጥ ይከለክላል። ይህን መጽሔት ከምታነቡት አንዳንዶቻችሁ ጠርሙሱን በሕግ መግዛት እንኳ አትችሉም።

«ጌታ በቃና ውኃውን ወይን አላደረገምን?» ትለኝ ይሆናል። አድርጓል። ነገር ግን ለራስህ የማትሠራበትን ጥቅስ ለስጦታህ ጠበቃ አታቁመው። ዕንባቆም 2፥15ንም አንብብ፤ ባልንጀራውን ስለሚያጠጣ ሰው ይናገራል። እርግጥ ነቢዩ የሚወቅሰው በሌላው ውርደት ሊደሰት የሚያሰክረውን ነው፤ አንተ ይህ ክፋት የለብህም። ሆኖም የአማትህን የትናንት ትግል ታውቃለህ? መጠጥ ለመተው ስንት ሌሊት እንደታገለ ማን ነገረህ? ጠርሙሱን ከፍቶ የሚቀምሰው ታናሽ ወንድሟ ቢሆንስ? ሮሜ 14፥21 ወንድምን ከሚያሰናክል ነገር ራቅ የሚለን ለዚህ ነው።

የመጨረሻው ምክንያት «ያለ ውስኪ ክብር የለም» የሚለው ነው። ይህን በሌላ ከተማ የሚኖር ቢለው አይገርመኝም፤ እኛ የሰንበቴ ልጆች ግን እንዴት እንለዋለን? የምንኖረው አብዛኛው ሰው ሙስሊም በሆነበት አገር ነው። እሑድ እሑድ ኦሮሞው፣ አፋሩ፣ አርጎባው፣ አማራው የሚገናኝበትን ገበያችንን ተመልከት። እነዚህ ጎረቤቶቻችን ልጅ ይድራሉ፤ ሽማግሌ ይልካሉ፤ እንግዳ ይቀበላሉ። በብዙዎቹ ቤት ውስኪ ይዞ መግባት ክብር መሆኑ ቀርቶ ስድብ ነው። ታዲያ ክብር ጎድሎባቸው ያውቃል? ቡናው ይፈላል፣ በጉ ይታረዳል፣ ሽማግሌው ይመርቃል። እነርሱ ያለ ጠርሙስ የሚከባበሩ ከሆነ፣ መጠጥ ትተናል የምንለው እኛ በጠርሙስ ካልተከበርን ማለታችን ያሳፍራል።

ስለዚህ ያንን ብር መልሰህ ቁጠረው። ጥሩ ጋቢ ግዛበት፤ አማትህ በብርድ ሌሊት ይለብሰዋል። ማርና ቡና ግዛበት፤ ቤተሰቡ በሙሉ ይቀምሰዋል። ለአለቃህም ቢሆን እንዲሁ አድርግ፤ ጉዳይ ለማስጨረስ የምትሰጠው ከሆነ ግን ጋቢም ይሁን ማር ጉቦ ነውና ተወው።

«ውስኪውስ?» ቢሉህ አትፈር። «እኔ የማልቀምሰውን ለእናንተ እንዴት ላቅርብ?» በላቸው። ከሽማግሌዎቹ ንግግር ሁሉ ማን እንደሆንክ የሚነግራቸው ይህ መልስህ ነው።